ሰባት ክር እስከ ባሕር

ልብስ ሰፊዋ ክር እንደጎደለባት ያወቀችው በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ነው። የቆርቆሮ ሣጥኗን ከፍታ ነጩን ጥቅልል ብትዳብሰው ከስቶ አገኘችው። ትናንት እንዲህ አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ» አለች ወደ ሳሎን ድምጿን ከፍ አድርጋ፤ «ክሬን ምን እያደረግክበት ነው?»

ባሏ ከጠረጴዛው ላይ ቀና አላለም። ጠረጴዛው ላይ ዳር እስከ ዳር ካርታ ተዘርግቷል፤ አራቱ ማዕዘኖቹ እንዳይጠቀለሉ የስኳር ዕቃ፣ የጨው ዕቃ፣ የቤት ቁልፍና የልብስ ሰፊዋ ከባድ መቀስ ተጭነውባቸዋል። ክሩን በምራቁ አርሶ በቀዩ የመንገድ መስመር ላይ፣ መንገዱ ሲታጠፍ አብሮ እያጠፈ፣ በጥፍሩ እየተጫነ ሲያስኬድ ነበር።

«እመልሰዋለሁ» አለ።

«ተቆራርጦ?»

«ተቆራርጦ።»

«ቁጥር አርባውን ከሆነ የነካኸው ዛሬ እኔና አንተ እንለያያለን።»

«ወፍራሙን ነው። ቀጭኑ ኩርባ ላይ ይንሸራተታል።»

የሠፈሩም የመሥሪያ ቤቱም ሰው «ጋሽ መስመር» ይለዋል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ ጠረጴዛ ሳይነሣ፣ መስመር ሲያሰምር ኖሯል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ግን ለሥራው ብቻ ብለው አይደለም፤ መንገድ ሲሄድ እንኳ የአጥር ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ግራ ቀኝ ሳይል የሚሄድ ሰው ስለሆነ ነው። በክር መለካት የክፍሉ ሰዎች ልማድ ነው። ማስመሪያ በሁለት ከተሞች መካከል ቢያስቀምጡት የሚነግራቸው የወፍ መንገድ ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ ወፍ አይደለም። እርጥብ ክር ግን ኩርባውን ሁሉ ይከተላል። ከዚያ ክሩን አቅንተው ከካርታው ግርጌ ካለው መለኪያ ጋር ሲያስተያዩት ኪሎ ሜትሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ቀን በፊት በዓይን ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ነው። የልብስ ሰፊዋ ግራ ዓይን ካለፈው ዓመት ወዲህ ጨልሟል። ቀኙም እያደር እየጠበበ መጥቶ፣ እሷ እንደምትለው፣ ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ሆኖባታል። ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ መልሶ አበራና ወንበሩን ወደ እነሱ አስጠጋ።

«የዓይንዎ ግፊት በጠብታ አልመለስ ብሏል» አላት። «ዝም ብንለው በጥቂት ወር ይሄዳል። ቀዶ ሕክምና ብናደርግለት ደግሞ...»

«ደግሞ?»

«ወይ ባለበት ይቆማል፣ ወይ እዚያው ይጠፋል። ግማሽ በግማሽ ነው። አልዋሽዎትም።»

ቀኑን ከዚያ ዕለት በአሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ቆረጠላቸው። ከክፍሉ ወጥተው በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የመቆለፊያውን ዚፕ ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። ጋሽ መስመር የግድግዳውን ስንጥቅ በዓይኑ እየተከተለ ነበር።

«ባሕር አሳየኝ» አለችው።

«የቱን ባሕር?»

«ስንት ባሕር አለ? ያኔ ያልከውን ነዋ።»

ያኔ ማለት የዛሬ ሃያ አራት ዓመት፣ ገና ሳይጋቡ ነው። በዕድሜው ሁሉ አንዲት ደፋር ነገር ተናግሮ ቢያውቅ ያን ቀን ነበር። ቀለሙ ያልደረቀ ካርታ ፊቷ ዘርግቶ «ይህን ሰማያዊ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እወስድሻለሁ» አላት። ከዚያ እትም መጣ፣ ልጅ መጣች፣ የደንብ ልብስ ትእዛዝ መጣ፣ ሌላ እትም መጣ። «ባሕሩ የትም አይሄድ» እየተባባሉ ከረሙ። እውነትም ባሕሩ የትም አልሄደም። እሱም የትም አልሄደም፤ ያን የሚያህል ሰፊ አገር ወንዙን ሁሉ በእጁ ሲያፈስ ኖሮ አንዱንም በእግሩ ተሻግሮ አያውቅም።

የክፍሉ ኃላፊ ሰባት ቀን ፈቃድ ሰጠው፤ ሲሰጠውም ከጎኑ አጥንት እንደተነቀለ ሰው አቃሰተ። «ጋሽ መስመር፣ አዲሱ እትም አፍንጫችን ሥር ደርሶ እኮ ነው! በሰባት ቀን አገር ሊዞሩ ነው?»

ሊዞር ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ የጠየቀችው ባሕር ነበር፤ እሱ ግን ካርታውን አንዴ ከዘረጋው በኋላ እጁ አልመለስ አለው። የምታየው ለመጨረሻ ጊዜ ከሆነ ባሕር ብቻ እንዴት ይበቃታል? በመንገዱ ላይ ፏፏቴ አለ፤ እሱ በሁለት ጭረት የሚያሳየው። ከፏፏቴው ወዲያ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የማይለየው ተራራ አለ። ከተራራው ሥር ካለችው ከተማ ተነሥቶ ገደሉን የሚወርድ አጭር መንገድ አለ፤ በአንድ ቀን ባሕር ያስገባል። በሌላኛው፣ በደቡብ በኩል ባለው አሮጌ መንገድ መሄድ አራት ቀን ይፈጃል፤ አራት ቀን መመለሻ ሲጨመርበት ሐሳቡም አይታሰብ። አጭሩ መንገድ ባይኖር ኖሮ ገና ከመነሻው አይሆንም ብሎ ያጥፈው ነበር።

ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ክር ቆረጠ። ሰባቱን ጫፍ ለጫፍ ቋጥሮ እጇ ላይ አኖረላት። እሷም ከቋጠሮ ቋጠሮ በጣቶቿ መካከል እያሳለፈች አነበበችው።

«የመጀመሪያው ቀን ረጅም ነው።»

«ፏፏቴው አለበት።»

«ሁለተኛውም አያልቅም እንዴ? ወገቤ!»

«ተራራው ነው።»

«ሦስተኛው አጭር። እሰይ፣ ተባረክ።»

«እሱ ባሕር የሚያስገባን ነው። በአራተኛው ቀን የትም አንሄድም፤ ክሩ ሁለመናው ቋጠሮ ነው። ቁጭ ብለሽ ታያለሽ።»

ቋጠሮዋን በአውራ ጣቷ ስታሽ ቆየች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የጠየቅኩህ ባሕር ነው። አገሩን በሙሉ በአንድ ዓይን እንዴት እጨርሰዋለሁ?» አለችና ሳቀች። ጋሽ መስመር ግን አልሳቀም። የተራራውን ከፍታ እየነገራት ነበር።

በዚያ ሰሞን ለራሷ ቀሚስ ሰፋች። የሰው ልብስ እንጂ የራሷን ከሰፋች ዓመታት አልፈዋል። ጨርቁ ቀላል ሰማያዊ ነው። ለብሳው ሳሎን መካከል ቆመችና «ጠርዙ ቀጥ ብሏል?» ስትል ጠየቀችው። ጠርዙ በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። መስመር የሚያውቅ ሰው ነውና ከበሩ ሆኖ ታይቶታል።

«ቀጥ ብሏል» አላት።

ከመነሻቸው ሁለት ቀን ሲቀር ጋሽ መስመር ትኬት ሊቆርጥ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደ። የጉዞ እቅዱን በጥሩ ወረቀት ገልብጦ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከነማረፊያው ጽፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዟል። ተራው ሲደርስ ወረቀቱን በመስኮቷ ቀዳዳ አሳለፈላት። ትኬት ቆራጯ እስክሪብቶዋን እያኘከች አነበበችና ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ማኘኳን አቆመች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ከተራራው ከተማ ወደ ባሕሩ። በሦስተኛው ቀን ጧት።»

«በዚያ የሚሄድ መኪና የለንም።»

«የሌላ ድርጅት መኪና ቢሆንም ግዴለም።»

«የማንም የለም። መንገድ የለማ።»

ጋሽ መስመር በትሕትና ፈገግ አለ። ሰው ሲሳሳት ማረም ያሳፍረዋል። በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆማት፤ ከመስኮቷ በላይ በላስቲክ የተሸፈነ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። የእነሱ መሥሪያ ቤት ካርታ ነው። «ያው እዚያ አለ እኮ፣ የኔ ልጅ።»

ከኋላው አንድ ሰው ከሆዱ ሳቀ። ጢሙ የሸበተ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዕቃ ሊያስመዘግብ የቆመ። «ወንድሜ፣ ካርታ ላይ ያለው መንገድ ካርታ ላይ ነው የሚነዳው! እኔ ያን ስዕል አምኜ ሙሉ ጭነት ቲማቲም ይዤ ገብቻለሁ። አስፋልቱ ድንገት ቆመ። ሁለት በርሜልና አንድ የጠጠር ክምር ብቻ። ዞሬ እንዳልመለስ መዞሪያ የለ። ስድስት ቀን! ቲማቲሙ እያለቀሰ፣ እኔ እያለቀስኩ።»

ሰልፉ ሳቀ። ትኬት ቆራጯም በመዳፏ አፏን ሸፈነች።

«ያን ካርታ የሠራውን ሰውዬ ባገኘው!» አለ ሹፌሩ።

«ምን ታደርገው ነበር?» ሲል ጠየቀ ጋሽ መስመር።

«ምንም። ስቲሪንጉን አስይዤ ‘በል ንዳው’ እለዋለሁ።»

ጋሽ መስመር ቀና ብሎ ካርታውን አየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያየው የኖረው ቀይ መስመር ከተራራው ከተማ ተነሥቶ፣ ሦስት ጊዜ ተጠማዝዞ፣ ሰማያዊው ላይ ያርፋል። ያኔ እጁ አስታወሰ፤ ከጭንቅላቱ በፊት እጁ ነው ያስታወሰው። ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ከመጣው ወረቀት ላይ ኩርባ አልነበረም። በእርሳስ የተሳበ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ብቻ ነበር፤ ጎኑ ላይ «ለወደፊት» የምትል ቃል። የታሰበ መንገድ በቁርጥራጭ መስመር ነው የሚሣለው። የዚያን ጊዜው አለቃ ግን ከጀርባው ቆሞ «ድፍን አድርገው። እኛ አትመን እስክንጨርስ መንገዱ ያልቃል» አለው። የክፍሉ ወግ ነበር፤ ሁሉም እንዲያ ያደርግ ነበር። ድፍን አደረገው። ቀጥ ያለ ሆኖ ገደል ላይ ሲያየው ግን መንገድ አልመስል አለው። እናም ሦስቱን ኩርባ ከራሱ ጨመረለት።

ከመስኮቷ ፈቀቅ አለ፤ ከኋላው ያሉት ወዲያው ቦታውን ሞሉት። ሹፌሩ ፊቱን አይቶ ሳቁን አቆመ።

«ወንድሜ፣ አመመህ እንዴ? ለምን ነበር የፈለግከው?»

«ባሕር ለማየት።»

ሹፌሩ ጢሙን አሸ። «መድረስ አትደርስም። ግን አስፋልቱ ከሚቆምበት በላይ ኮረብታ አለች። ቲማቲሙን ስጠብቅ እዚያ ላይ እየወጣሁ እቀመጥ ነበር። ጧት ጧት፣ ጭጋጉ ከተነሣ፣ ባሕሩ ከሩቅ ይታያል። ቀጭን ነው፤ እንደ መቀነት። ከስድስቱ ቀን ሁለቱን ታይቶኛል።»

ጋሽ መስመር ከጣቢያው በቀጥታ ቤቱ አልገባም። እግሩ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰደው። የአዲሱ እትም ሉህ ጠረጴዛው ላይ እንደተወው ተዘርግቷል። ቀዩ መንገድም አለ፤ ባለፈው ወር ራሱ ከአሮጌው ላይ ገልብጦ፣ ኩርባዎቹን ሳይቀር አሳምሮ ያሰመረው። አንድ ሰው አንዴ ድፍን ያደረገውን ሌላው ይገለብጣል፣ ያንን ደግሞ ሌላው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲገለበጥ የኖረ መስመር ማንም ሄዶበት እንደሆነ አይጠይቅም። መሳቢያውን ከፍቶ ቀለም የሚፍቅበትን ምላጭ አወጣ። የመጀመሪያውን ኩርባ ገና ሲነካ የክፍሉ ኃላፊ ከኋላው መጣ።

«ጋሽ መስመር! ትኬት ሊቆርጡ አልነበር እንዴ?»

«ይህ መንገድ የለም» አለ ጋሽ መስመር ምላጩን እንደያዘ።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ በሩን መለስ አደረገ። «የለም ማለት?»

«አልተሠራም። ያኔ እቅድ ነበር።»

«እና አሁን ይፍቁትና ያለፉት አራት እትሞች ስሕተት ነበሩ ልንል ነው? በየትምህርት ቤቱ፣ በየጣቢያው የተሰቀለው ሁሉ? ማን ነው የሚጠየቀው?»

«እኔ» ሊል አፉን ከፈተ። የክፍሉ ኃላፊ ግን መልስ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። «ይተዉት፤ ደርሶ መሠራቱ አይቀርም። ካልሆነም በደብዳቤ ያቅርቡና ለሚቀጥለው እትም እናየዋለን። ለእማማ ሰላም ይበሉልኝ።»

ጋሽ መስመር ምላጩን ወደ ወረቀት ሽፋኑ መለሰው። ከኩርባው ላይ የፋቀው ቀይ ዱቄት በጣቱ ላይ ቀርቷል።

ቤት ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ የተማሪ ቀሚስ እየሰፋች ነው። በዓይኗ ስለማትተማመን የግራ እጇን ጠቋሚ ጣት ከመርፌው ፊት ፊት እያስኬደች ነው የምትሰፋው፤ ጋሽ መስመር ይህን ባየ ቁጥር የራሱ ጣት ይሸማቀቃል። ልጃቸውም መጥታለች። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ የእናቷን ሻንጣ ስታሸክፍ ጠብታውን በካልሲ ጠቅልላ ልብሶች መካከል እያስቀመጠች ነበር።

«ትኬቱን አመጣህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አላመጣሁም።»

«ሞልቷል?»

«መንገዱ የለም።»

«የቱ መንገድ?»

«ሦስተኛው ክር።»

መኪናዋን አቆመች። «የት ሄደ?» አለች፤ ገና ቀልድ መስሏት ነው።

«ኖሮ አያውቅም። እኔ ነኝ ያሰመርኩት።»

ቆሞ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሁሉንም ነገራት፤ የእርሳሱን ጭረት፣ የአለቃውን ቃል፣ ከራሱ የጨመረውን ሦስት ኩርባ፣ ሹፌሩን፣ ቲማቲሙን።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰፋ አንድ ቀን የሌለ እጅጌ ገጥሜ አላውቅም» አለች ልብስ ሰፊዋ በዝግታ።

«አባዬ...» አለች ልጅቷ። ካልሲው እጇ ላይ ቀርቷል። «እኔ እኮ ልጆቹን በጣታቸው አስከትላቸዋለሁ። ‘ከዚህ ተነሥተን፣ በዚህ ዞረን፣ ባሕር ገባን’ እያልኩ። በዚህ ዓመት ብቻ ስልሳ ሁለት ልጅ!»

ጋሽ መስመር ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንዴ የተከፈተ አፍ ደግሞ አልዘጋ አለው። «የቀሚስሽም ጠርዝ ጠማማ ነው» አለ። «በግራ በኩል ሁለት ጣት ወርዷል። ቀጥ ብሏል ያልኩሽ ዋሽቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ጣት የለኝም እንዴ?» አለች። «ልትነግረኝ ትችል እንደሆነ ነው የጠየቅኩህ።»

ልጅቷ ሻንጣውን ዘጋችው። «በቃ፣ ቀረ። እማዬ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ተንገላተሽ ለምን ትደክሚያለሽ? እረፊ። ሐኪሙም ዕረፍት ብሏል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ሲሻልሽ...»

«ሲሻለኝ» አለች እናቷ። ቃሉን እንደ አጉል ስፌት ወዲያና ወዲህ አገላብጣ ያየችው ትመስላለች። ከዚያ ክሩን ከመኪናዋ መሳቢያ አወጣች። ሰባቱን ቀን በጣቷ እየቆጠረች ሄዳ ሦስተኛውን አገኘች። በጥርሷ በጠሰችው። የተበጠሰውን አጭር ክር ወለሉ ላይ አልጣለችውም፤ ለባሏ ሰጠችው።

«ሹፌሩ ስንት ቀን ታየኝ አለ?»

«ከስድስት ቀን ሁለቱን።»

«እኛስ ስንት ጧት አለን?»

መቁጠር አላስፈለገውም። ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ። «ሦስት።»

«በል እንግዲህ። መንገድህ እስከሚያልቅበት ውሰደኝ።»

ሄዱ። አንደኛው ቀን ከጧት እስከ ማታ አውቶቡስ ነው። ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ ጋሽ መስመር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሁሉንም ረበሸ፤ ግን ወሩ የበጋ ነበርና ከቋጥኙ ላይ የሚወርደው እርጥብ ጥላ ብቻ ሆነ። «ያሰመርከው ይህን ነው?» አለችው ልብስ ሰፊዋ። በሁለተኛው ቀን ተራራው ደመናውን እንደ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ስቦ ተኝቶ ጠበቃቸው። በረዶውን እሷ ቀርቶ እሱም አላየ። የተራራው ከተማ ማረፊያ ቤት ባለቤት፣ ወፍራም ሳቂታ ሴት፣ ለምን እንደመጡ ስትሰማ አንሶላውን ማንጠፏን አቁማ አየቻቸው።

«ባሕር? ይታያል ይላሉ። እኔ እዚህ ከተዳርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሥራ ስለማይለቀኝ ወጥቼ አላውቅም።»

በመጀመሪያው ጧት በተከራዩት ጋሪ አስፋልቱ እስከሚቆምበት ሄዱ። እውነትም ይቆማል። ጥቁሩ ጠርዝ ባለቀበት ሣር የበቀለበት የጠጠር ክምርና ሁለት የዛገ በርሜል አለ። ከዚያ ወዲያ ቁጥቋጦና ገደል ነው። ጋሽ መስመር በርሜሉን በመዳፉ ነካው። ካርታው ላይ ብዕሩን አንሥቶ ቀለም ነክሮ የቀጠለው ልክ እዚህ ላይ ነበር።

ኮረብታዋን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። «ድንጋይ» ይላታል፤ ታነሣለች። «ጉድጓድ» ይላታል፤ ትሻገራለች። ላይ ሲደርሱ ባሕሩ ያለበት ሰሜኑ በሙሉ ወተት ነው። እስከ እኩለ ቀን ቢቀመጡም ጭጋጉ እንደነበረ ነበር። በሁለተኛው ጧት ዘነበ። በበጋ መካከል ዘነበ! ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጣብቆ፣ ጠማማው ጠርዝ ውኃ እያንጠባጠበ ወረዱ። ማረፊያ ቤት ሲገቡ ጋሽ መስመር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እሷ አላየችም፤ የአልጋው ሽቦ ግን ነገራት። ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። የእርጥብ ሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታችለት።

ሦስተኛው ጧት የመጨረሻው ነው። ከቀትር በኋላ አውቶቡሱ ይነሣል፤ ከዚያ የሁለት ቀን መንገድ፣ ከዚያ ሆስፒታሉ። ገና ሲነጋ ወጡ። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች፤ ሌሊት ቢደርቅም ተጨማዷል። ላይ ሲደርሱ ጭጋጉ ሳስቷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተነሣም። ጋሽ መስመር ቆሞ አተኮረ። ከገደሉ ወዲያ አንድ ሸንተረር፣ ከእሱ ወዲያ ሌላ ደብዘዝ ያለ ሸንተረር፣ ከዚያ ወዲያ ግራጫ። ሰማይ ይሁን ምድር የማይለይ ግራጫ። ዓይኑን አሸ፤ እንደገና አየ። ግራጫ። በልቡ የማያውቀውን ሁሉ ለመነ። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች፤ ጋሪ ነጂው ከታች ሆኖ አንዴ ጮኸ፣ ቆይቶ ደግሞ ጮኸ።

«ይቅር በይኝ» ሊላት ዞረ።

«ታየኝ» አለች።

ፊቷ ላይ ሳቅ የለም፤ ክር ስታሾልክ እንደምታደርገው አንገቷን ቀና፣ የቀራትን ዓይን ጠበብ አድርጋለች። ጋሽ መስመር የምታይበትን አቅጣጫ ተከተለ። የምታየው ወደ ምሥራቅ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሉህ ላይ ሰሜንን ያሰመረ ሰው ይህን አይስትም፤ በዚያ በኩል ባሕር የለም፤ መሬት ነው፣ ከመሬቱ ወዲያም መሬት፣ እሱ ራሱ ቡናማ የቀባው።

«የት ጋ?» አላት።

«እዚያ» ብላ ጠቆመች።

ጋሽ መስመር ከኋላዋ ሄደና፣ ካርታ ሲያሰምር ሉሁን በሁለት እጁ ይዞ እንደሚያዞረው፣ ትከሻዋን በቀስታ ያዘ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለ።

«እንዲህ?»

«ትንሽ ጨምሪ። አሁን... አዎ። እዚያ ላይ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ በአዲሱ አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ቆመች። ነፋሱ የቀሚሷን ጠርዝ እያነሣ ይጥለዋል። የበጠሰችው አጭር ክር በኪሱ ውስጥ ነበር፤ ጋሽ መስመር በጣቶቹ መካከል እያሸው መሆኑን እንኳ አላወቀም።

«አሁን ደኅና ታየኝ» አለች።

«ምን ይመስላል?» አላት።

እጇን ዘርግታ ክንዱን ፈልጋ ያዘችው።

«ጠርዙ ጠማማ ነው» አለች።

ጋሽ መስመር በሁለቱም ጤነኛ ዓይኖቹ፣ የቻለውን ያህል አፍጥጦ፣ ከትከሻዋ በላይ ወደዚያ ወደ ግራጫው ተመለከተ።